ተራ ወሬ

ደንቆሮ ነኝ። ሰው በትህትና «መስማት የተሳነው» ይለኛል አሉ፤ ይበል፣ እኔ እንደሆን አልሰማውም። ስሜ ገበየው ነው፤ ሶዶ መናኸሪያው ጀርባ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፍቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩትም እዚሁ ነው። ስወለድ ጆሮ ነበረኝ። ጎልማሳ ሆኜ ማጅራት ገትር አልጋ ላይ ጥሎኝ ከርሞ ዓይኔን ስገልጥ፣ ነርሷ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ምን ሆነሽ ነው ድምፅ የሌለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን! የጎደለው እኔ ዘንድ ነበር።

ልጄ እየሩስ ያን ሰሞን ፊደል ለይታ ገና ቃል መግጠም የጀመረች ነበረች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና እጄን ዘርግታ በሌባ ጣቷ መዳፌ ላይ «አባዬ» ብላ ጻፈችልኝ። አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዬ እሷ ናት። ሐኪም ቤት፣ ቀበሌ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም እጄን ይዛኝ ትሄዳለች፤ ሰው የሚለውን ትሰማና መዳፌ ላይ ትጽፈዋለች። እናቷ ዘመነችም ትሞክራለች፤ ግን እሷ ስትጽፍ ይኮረኩረኛል፣ እስቃለሁ፣ ትቆጣለች፣ እዚያው እንጣላለን።

መዳፍ ግን ጠባብ ናት። «ሞተ» ትችላለች። «ወለደች» ትችላለች። «እሺ በል»፣ «ቀስ ብለህ ተናገር»፣ «ውሃ ጠፍቷል»፣ ይሄን ሁሉ ትችላለች። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ ሲስቁ ግን እኔ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እንከራተታለሁ። «ምን አለ? ምን አሉ?» እላለሁ። እየሩስ መዳፌን ትይዝና «ምንም፣ ተራ ወሬ ነው» ብላ ትጽፋለች። ወይ ተራ ወሬ! እስቲ እናንተ ተራ ወሬ በሌለበት ቤት ኑሩና ልያችሁ! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሞተና ወለደች ብቻ እየተነገረው ይኖራል እንዴ?

በአደባባይ መናገርም ትቻለሁ። አንድ ቀን እድር ላይ ስለ ድንኳኑ ሲጠይቁኝ ስለ ወንበሩ መለስኩ፤ ያውም እየጮህኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቦታ የሚናገረው ታናሽ ወንድሜ ዘላለም ነው። አፉ የተባረከ ነው፣ ክፉም አስቦልኝ አያውቅ። ግን በገዛ ቤቴ ከታናሼ ጎን ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ እንዴት እንደሚያበግነኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ባርኮት የመጣው። ከሶዶ ወዲያ ያለችው የተበላ ከተማ ልጅ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ሆኖ የሁምቦን ተራሮች ዛፍ ያስተክላል። እንከን ፈልጌ አጣሁበት፤ ይሄም ራሱ አናደደኝ። እየሩስ መዳፌ ላይ «ሽማግሌ ሊልክ ነው» ብላ ጽፋ ቀና ብላ አየችኝ። «ይላክ» አልኩ። በሆዴ ግን ሌላ ነበር። በእኛ ወግ ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ አይባልም፤ «ቤተሰብ እንመካከር፣ ተመለሱ» ነው የሚባለው። ሲመለሱም ሰበብ አይጠፋም። እያመላለስኩ አሰለቻቸዋለሁ አልኩ። ሰው ማመላለስ ደግሞ እችልበታለሁ፤ በር ያሠራኝን ሁሉ ጠይቁ።

ተበላ ሩቅ ሆኖ አይደለም። በሚኒባስ ሄዶ መመለስ ነው። ግን ልጄ ተበላ ስትኖር እኔ ሶዶ ውስጥ እጄን ለማን ልዘርጋ? እወዳታለሁ፣ እንድትዳርም እፈልጋለሁ፣ ልሰጣት ግን አልፈለግኩም። ይኸው ነው ነገሩ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ባሉበት ሰሞን እየሩስ ከሥራ ስትመለስ አንድ ታብሌት ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፣ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ከፊቴ ተቀምጣ አፏን አንቀሳቀሰች። እንደ ልማዴ መዳፌን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። ወደ ስክሪኑ ጠቆመችኝ።

«አባዬ ይሄ ሰው ሲናገር ሰምቶ ይጽፋል» ይላል።

ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ። ከሥሩ ሌላ መስመር መጣ። «የምለውን ሁሉ ነው የሚጽፈው እስቲ አንብበው»።

በስመ አብ! ያለ ነጥብ፣ ያለ ሰረዝ፣ ልክ ከአፏ እንደወጣ ፊደሉ ተከታትሎ ይፈሳል። አንዱን ቃል አበላሽቶ ይጽፍና፣ ቀጣዩ ቃል ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱ ያርመዋል። ሰው እንኳ ስህተቱን እንዲህ ቶሎ አያምንም። እሷ ስታቆም ይቆማል፣ ስትጀምር ይጀምራል። ጣቴን ወደ ስክሪኑ ሰድጄ ቃሉን ነካሁት፤ የሚሞቅ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው እየሩስ አፏን ዘግታ እያየችኝ ሳለ ከታች ብቻውን አንድ መስመር ብቅ ያለው። «ኧረ ሽንኩርቱ አረረብኝ»።

«ይሄን ማን አለው?» አልኩ። እየሩስ ወደ ጓዳ ጠቆመች። ዘመነች ናት፤ ከምድጃዋ ጋር እያወራች ነው። እኔ ቤት ሽንኩርት ሳያርር የኖረ መስሏችኋል? ሲያርር ኖሯል፤ ማንም ግን ነግሮኝ አያውቅም። ለሽንኩርት ማን መዳፍ ይይዛል? ሳቅኩ መሰለኝ።

ከዚያ ገባኝ። ልጄ ይሄን ዕቃ ያመጣችው ልትሄድ ስለሆነ ነው። «ምትክሽን ነው ያመጣሽው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። ጆሮ በቻርጅ! እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስበሳጭ ሄድኩ።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ማረፍ አቃተኝ። በማግስቱ እየሩስ ወደ ሥራዋ እንደወጣች ታብሌቱን ከፈትኩና ለዘመነች ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እንደ ጥፋተኛ ጉልበቴ ላይ ደብቄው ተቀመጥኩ። ዘመነች ከኋላዬ ቤቱን እያሰናዳች ነው። ስክሪኑ መጻፍ ጀመረ።

«ገቢዬ ሻይህ ቀዘቀዘ ጠጣ እንጂ»።

ታብሌቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

«ሌሊቱን ሲያስልህ ነበር ጋቢ ደርብ ብልህ መቼ ትሰማኛለህ» አለ ደግሞ። ቀጥሎ፣ «አሁን ማን ምን አድርጎት ነው ያኮረፈው ይሄ ድርቅ ያለ ሰውዬ»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ፀጉርህ ከኋላ እንዴት ሸብቷል የኔ ጌታ»።

እኔን ነው! እንደማልሰማ እያወቀች፣ ፊቴን እንኳ ሳታይ፣ ለእኔ ነው የምታወራው። ደግሞ የዛሬ ጨዋታ አይደለም፤ አነጋገሯ የለመደ ሰው አነጋገር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቤቱ ጭር ያለ መስሎኝ ስተክዝ፣ ለካ ሚስቴ ከጀርባዬ ስታዋራኝ ነው የኖረችው። ዞር አልኩና «ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ?» አልኳት። የያዘችው መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ። አፏን ይዛ እኔን አየች፣ ታብሌቱን አየች፣ ከዚያ «አንተ ሌባ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትገርፈኝ ገባች። «አንተ ሌባ»ውም ተጽፎ መጣ። እየሳቅን ሳለ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ እኔም አልቀረሁም።

ሌላም አለ። ደንቆሮ ሰው የገዛ ድምፁ ይኑር አይኑር አያውቅም። ስናገር ሰው ሲደነግጥ አያለሁ፤ ልጆች ወደ እናታቸው ቀሚስ ይሸጎጣሉ። ጉሮሮዬ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል እንጂ የሚወጣው የሰው ቃል ይሁን የብረት ፍጭት ምን አውቄ። እናም ታብሌቱን ይዤ የሥራ ቤቴን በር ከውስጥ ዘጋሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አፍሬ ነበር። «ገበየው እባላለሁ» አልኩት።

«ገበየው እባላለሁ» ብሎ ጻፈ።

አንዲት ፊደል አላጎደለም። «የሶዶ ልጅ ነኝ» አልኩት፤ ጻፈ። «እየሩስ የምትባል ልጅ አለችኝ» አልኩ፤ ጻፈ። ኧረ በገብርኤል! ድምፄ አለ! ሰው ነው የምመስለው! ብረት ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍኩለት፤ የአባቴን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የጎረቤቶቼን ሁሉ። አንዱንም አልተጠየፈብኝም። ይሄን የሠራ ሰው የትም ይሁን የት፣ እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት እያልኩ መረቅኩት፤ ምርቃቱንም ጻፈው።

ታዲያ ልሰጣት ወሰንኩ እንዳትሉኝ። አልወሰንኩም። ዕቃው ጉድ ነው፣ ተአምር ነው፣ እሺ። ግን ሆስፒታል አልጋዬ ጫፍ ላይ የወጣው እሱ አይደለም። ዘላለምን ጠርቼ «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ተመለሱ በላቸው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ እሱንም ከስክሪኑ ላይ አነበብኩ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከተበላ ደረሱ። የሚመሯቸው አቶ ጩማ ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸውን በወጉ የደረቡ ሽማግሌ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብንላቸው እንቢ አሉ፤ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። በሩ ሥር እንደቆሙ ቀሩ። እየሩስና እናቷ በወጉ መሠረት ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ገብተዋል፤ ልጅቷ መታየት የለባትም። እኔ መጋረጃውን ተደግፌ ወንበሬ ላይ፣ ታብሌቱ ጉልበቴ ላይ፣ ዘላለም ከጎኔ።

አቶ ጩማ መናገር ጀመሩ። ግን እንዴት ያለ አነጋገር! ጨዋ ሰው የልጅ አባት ፊት ሲቆም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሳቸው ደግሞ ከጨዋም ጨዋ ናቸው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የሚያንሾካሹኩት። ስክሪኑ ባዶ ነው። ከበሩ የሚመጣ ቃል አንድም የለም። ይኸው እንግዲህ፣ ዛሬም ራስ መነቅነቅ ሊሆን ነው ብዬ ልቤ ሲያር፣ ፊደሉ ፈሰሰ። ከበሩ ግን አልነበረም።

«እማዬ መጡ ቆመዋል» ይላል።

«ቀስ በይ ይሰሙሻል»።

ከመጋረጃው ጀርባ ነው! ለእኔ ከበሩ ይልቅ ጓዳው ይቀርባል። መዝጋት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፤ እስቲ ማን ይዘጋል?

«አባዬ ዛሬ ተመለሱ ነው የሚላቸው አውቀዋለሁ» አለ።

«እያመላለሰ ሊያሰለቻቸው ነው እኔ አጥቼው ነው» አለ። ይህቺ ዘመነች ናት። ወይኔ! ለካ ውስጤን እንደ መስኮት ነው የምታየኝ።

ከዚያ መስመሩ ረዘመ። «ተመለሱ ይበላቸው እማዬ እኔም ለባርኮት ቁርጡን ነግሬዋለሁ አባዬ ደስ ሳይለው አልሄድም ታብሌቱም መብራት ሲጠፋ ይጠፋል እኔ ተበላ ቁጭ ብዬ አባዬ እዚህ ሰው ሁሉ ሲስቅ ለብቻው የሰው አፍ አፍ ሲያይ ይታየኛል ምግብ አይወርድልኝም ተራ ወሬ ነው ስለው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይቼዋለሁ እኮ እማዬ ሁልጊዜ ነው የማየው ሁሉንም ልጽፍለት እፈልጋለሁ ጣቴ ነው የማይደርስልኝ»።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ፤ ዓይኔ ነው እንጂ እነሱስ በቦታቸው ነበሩ። ያቺ አልጋዬ ጫፍ ላይ የወጣች ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ አልወረደችም። እኔ ነኝ የያዝኳት። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ሁሉን ልትነግረኝ ስትሮጥ፣ እኔ ደግሞ ጎደለብኝ እያልኩ ፊቴን ሳጠቁርባት!

ዘላለም ጉሮሮውን ጠርጎ መናገር ጀመረ። እሱ አጠገቤ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይጻፋል። «እንግዲህ አባቶቻችን ቤታችንን አክብራችሁ መጥታችኋል እኛም ቤተሰብ ተመካክረን»...

«ዘላለም፣ ቁጭ በል!» አልኩ።

ጮኼ ኖሯል፤ ሽማግሌዎቹ በአንድ ላይ ደነገጡ። ተነሣሁ። እድሩ ላይ እንደዚያ ከሆነ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስክሪኑን አየሁት፤ «ዘላለም ቁጭ በል» ይላል፣ የእኔ ቃል ነው፣ ልክ ነው። ልቤ መለስ አለ። ወደ አቶ ጩማ ሄጄ ታብሌቱን ዘረጋሁላቸው። «አባቴ፣ የልጅቷ አባት እኔ ነኝ። ያሉትን አልሰማሁም። ይሄ ይሰማልኛል፤ እባክዎ ጠጋ ብለው ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

አቶ ጩማ ታብሌቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለአጠገባቸው ሰው ሰጡ። ከዚያ ለታብሌቱ እጅ ነሱለት፤ እውነቴን ነው፣ ጎንበስ ብለው ነው እጅ የነሱለት! «እንደምን አደርክ» አሉት። ጻፈ። ያሉትን ተጽፎ ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው እኔን አዩኝ፣ ዘላለምን አዩት፣ ዞረው ጓደኞቻቸውን አሳዩ። ሽማግሌው ሁሉ ወጉን ረስቶ ከበሩ ለቀቀና በታብሌቱ ዙሪያ ተኮለኮለ። አቶ ጩማ ለራሳቸው ፈገግ ብለው በወላይትኛ ረጅም ምርቃት አወረዱ። ታብሌቱ ምኑም ምኑም ያልሆነ ነገር ጻፈ።

«ልጁ ወላይትኛ አይችልም እንዴ» አሉ በአማርኛ።

«ገና አልተማረም» አልኳቸው።

«ሶዶ እየኖረ ይማር እንጂ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ! ከሰው እኩል፣ ከሰው ጋር፣ ለምን እንደሳቅኩ እያወቅኩ! ይሄን ለሰማ ሰው ቀላል ነው። እኔን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ከዚያ ቆፍጠን አሉና፣ ታብሌቱን አፋቸው አጠገብ ይዘው ጥያቄያቸውን ከመጀመሪያው ደገሙት። እኔም ጎናቸው ቆሜ ቃል በቃል አነበብኩት። «አቶ ገበየው ቤትዎን ብለን ልጅዎን ብለን መጥተናል ልጃችን ባርኮት ልጅዎን እየሩስን ይሻል ልጅ ሆኖ ይገባልዎታል ፈቃድዎን ቆመን እንጠብቃለን»። የልጄን ጥያቄ በገዛ ዓይኔ ሰማሁት።

ዘላለም ክንዴን ነካ አደረገኝ። ተመለሱ ማለት ነው ወጉ፣ ረሳኸው ወይ ማለቱ ነው። አልረሳሁም።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

«ሰጥቻለሁ» ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በመጀመሪያ ቀን የሚሰጥ አባት አይተው አያውቁም መሰለኝ። አቶ ጩማ ታብሌቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «እርግጠኛ ነዎት» አሉ። «ተጽፏል እኮ» አልኳቸው። ለልጅዎ ምን እናምጣ፣ ምን ይሻሉ ብለው ጠየቁ።

«ጥሎሽ ምናምን አልፈልግም» አልኩ። «አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ ወደ ቤቴ የሚመጣ ሰው ተራ ወሬ ነው ብሎ ምንም አያስቀርብኝ። ስለ ዝናቡ አውሩልኝ። በቆሎው እንዴት እንደሆነ፣ ሚኒባስ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ሁሉንም አውሩልኝ። ባርኮትም ሲመጣ እጅ ነስቶ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥብኝ፤ ይለፍልፍልኝ። ልጄ ተበላ ሆና የምታስበው ስለ እኔ ዝምታ እንዳይሆን ነው። ጣቷም ይረፍ።»

አቶ ጩማ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ጓደኞቻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። እየሩስ ናት። መውጣት አልነበረባትም፤ ዘላለም እጁን እያወዛወዘ ሊመልሳት ሞከረ፣ ማን ሊሰማው። ፊቷ በእንባ ርሷል። ታብሌቱ አቶ ጩማ እጅ ላይ ነው፤ አፏን ብትከፍት ይጽፍላት ነበር። አልከፈተችም። ፊቴ መጥታ ቆመችና እጄን ይዛ መዳፌን ዘረጋችው።

«እወድሃለሁ» ልትል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቷ ቀስ እያለ ይሄዳል። ፊደል በፊደል ተከተልኩት።

«ኮትህን አዛንፈህ ነው የቆለፍከው» ብላ ጻፈች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ያን ሁሉ ስናገር አንዱ ጎን ወጥቶ አንዱ ወርዶ ነው የቆምኩት። መዳፌ ላይ ተራ ወሬ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። እጄን አልሰበሰብኩም።

«ሌላስ?» አልኳት።